ሁለት እጅ በአንድ ገጽ

(ለተማሪዎች ማኅበር የውይይት ክበብ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ እንድናገርበት የተመደበልኝ ርእስ በመጀመሪያ ሲሰማ የኮምፒዩተር ትምህርት ክፍልን ብቻ የሚመለከት ይመስላል። ነገሩ ግን ከዚያ ይሰፋል። ሕግ የሚያጠናውም፣ የእርሻ ጥናት የሚያዘጋጀውም፣ የማኅበራችንን ቃለ ጉባኤ የሚጽፈውም ተማሪ ከሌላ ሰው ጋር በአንድ ጽሑፍ ላይ የሚሠራበት ጊዜ አለው። ሁለት ሰዎች አንዱን ጽሑፍ በየበኩላቸው ወስደው፣ በየበኩላቸው አርመው ሲመለሱ፣ እርማታቸው ባይስማማ የማንኛው ይጽና? የማንኛውስ ይቅር? ይህንስ የሚወስነው ማን ነው? የዛሬው ጉዳያችን ይኸው ነው።

የማቀርበውን አሳብ ከወዲሁ በአጭሩ ልግለጽ። የእርማት ግጭት በራሱ የሚያስፈራ ነገር አይደለም፤ ሁለት ሰዎች በእውነት መሥራታቸውን የሚመሰክር ነው። መሣሪያው ግጭቱን አውጥቶ ሲያሳየን ውለታ ይውልልናል። ፍርዱን ግን ሊሰጠን አይችልም፤ ምክንያቱም ምን እንደ ተለወጠ ያውቃል እንጂ ለምን እንደ ተለወጠ አያውቅም። ይህን የሚያውቀው የለወጠው ሰው ነው። ስለዚህ ግጭት የሚፈታው በመጠያየቅ ነው፤ ሳይጠያየቁ የፈቱት ግጭት ለጊዜው ከዐይን ተሰወረ እንጂ አልተፈታም።

የቆየው ልማድ

በመጀመሪያ አሁን የምንሠራበትን ልማድ እንመልከት። አራት ተማሪዎች የጋራ ጥናት ሲታዘዙ፣ አንዱ በወርድ ጽፎ በቴሌግራም ይልካል። ሌላው አውርዶ ያርምና «የመጨረሻ» የሚል ስም ሰጥቶ መልሶ ይልካል። ሦስተኛዋ የቀድሞውን ስታርም ቆይታ ኖሮ «የመጨረሻ 2» ብላ ትልካለች። በማስረከቢያው ዋዜማ ደግሞ «እውነተኛው የመጨረሻ» የሚባል ፋይል ይወጣል። በዚህ መካከል የአንዱ ሰው የሁለት ሌሊት ድካም ይጠፋል። ማንም ክፉ አስቦ አላጠፋውም፤ መጥፋቱም የሚታወቀው መምህሩ «ሠንጠረዡ የት አለ?» ብለው ሲጠይቁ ነው።

ፋይሉን በአንድ የጋራ አቃፊ አስቀምጦ ሁሉም ከዚያው እየከፈተ እንዲሠራ ማድረግም ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። ሁለት ሰዎች በአንድ ሰዓት ከፍተው ቢያርሙና ጠባቂ ሥርዐት ባይኖር፣ ኋላ ያስቀመጠው ሰው የፊተኛውን ሥራ ይሸፍነዋል። ልብ በሉ፤ እዚህ ላይ ግጭት ነበረ፤ ግን ማንም አላየውም። ግጭቱ የተፈታው በፍርድ ሳይሆን በአጋጣሚ፣ ኋላ በደረሰው እጅ ነው።

ከቁልፍ ወደ መዋሐድ

ይህ ችግር አዲስ አይደለም። ፕሮግራም የሚጽፉ ሰዎች ከእኛ ቀድመው ስለ ገጠማቸው ብዙ ዓይነት መፍትሔ ሞክረዋል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1972 በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ይሠራ የነበረው ማርክ ሮችካይንድ የፕሮግራም ጽሑፍ በየጊዜው ሲለወጥ እያንዳንዱን ለውጥ መዝግቦ የሚይዝ ሥርዐት ሠራ። ከ10 ዓመት በኋላ በ1982 ዋልተር ቲኪ በፐርዱ ዩኒቨርሲቲ «አርሲኤስ» የሚባለውን ሥርዐት አቀረበ። በእነዚህ ሥርዐቶች ዘንድ የግጭት መከላከያው ቁልፍ ነበር፤ ይኸውም አንድ ሰው ፋይሉን ለማረም ሲወስድ ይቆለፍና እርሱ እስኪመልስ ድረስ ሌላው አያርመውም። ይህ ሥርዐት ጥንቃቄ አለው። ነገር ግን ሰው ቁልፉን ይዞ ለበዓል አገሩ ቢሄድ፣ የቀሩት እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ።

ከቁልፍ ለመውጣት የተደረገውን ጥረት በምሳሌ የሚያሳየን ታሪክ የተፈጸመው በአንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ ሆነ ለዚህ ጉባኤ በተለይ ይስማማል። በሆላንድ አገር፣ በአምስተርዳም ከተማ በሚገኘው በቭራየ ዩኒቨርሲቲ፣ ዲክ ግሩነ የተባሉ መምህር ከሁለት ተማሪዎቻቸው ጋር ለሲ ቋንቋ ኮምፓይለር ይሠሩ ነበር። ሥራው ከጁላይ 1984 እስከ ኦገስት 1985 የቆየ ነው። ሦስቱ ሰዎች በሰዓት አይገናኙም ነበር። አንደኛው ተማሪ እንደ ቢሮ ሠራተኛ ከጧቱ 3 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ይሠራል፤ የሁለተኛው ሰዓት አይታወቅም፤ መምህሩ ደግሞ የሚመቻቸው ማታ ማታ ብቻ ነው። ቁልፍ ቢኖር ኖሮ አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ዓመቱ ባለቀ። ስለዚህ መምህሩ እያንዳንዱ ሰው በራሱ ግልባጭ ላይ እንዲሠራና ሥራውን ሌላውን ሳይጠብቅ ወደ ጋራው መዝገብ እንዲያስገባ የሚያስችል ትንሽ ሥርዐት አዘጋጁ። በ1986 ለሕዝብ የወጣው ይህ ሥርዐት «ሲቪኤስ» ተብሎ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በዓለም ዙሪያ አገልግሏል።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው፣ መሣሪያው የተወለደው ከመምህርና ከተማሪ የጋራ ሥራ መሆኑን ብቻ አይደለም። መምህሩ ግጭትን ለመከልከል አልሞከሩም፤ ሰዎቹ በነጻ እንዲሠሩ ፈቅደው፣ ግጭት ሲደርስ እንዲታይ አደረጉ። ነጻነት ከተፈቀደ ግጭት መምጣቱ አይቀርምና።

ዛሬ ከሁሉ ይበልጥ የሚሠራበት «ጊት» የተባለው ሥርዐት ነው። የሊነክስን ከርነል የሚሠሩ ሰዎች ከ2002 ጀምሮ «ቢትኪፐር» በሚባል የአንድ ኩባንያ ሥርዐት ይገለገሉ ነበር። በ2005 የነጻ አገልግሎቱ ፈቃድ ስለ ተነሣባቸው ሊነስ ቶርቫልድስ በዚያው ዓመት በኤፕሪል ወር ጊትን መጻፍ ጀመረ። በጊት ሥርዐት እያንዳንዱ ተባባሪ የመጨረሻውን ጽሑፍ ብቻ ሳይሆን የጽሑፉን ታሪክ በሙሉ በራሱ ኮምፒዩተር ይይዛል። ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ ሥራው አይቆምም፤ ግንኙነቱ ሲመለስ ሁሉም የሠራውን ያመጣል፤ ያን ጊዜም እርማትና እርማት ይገናኛሉ።

ሦስት ወረቀት

እንግዲህ ማሽኑ እንዴት እንደሚያዋሕድ እንመልከት። በጊት አነጋገር «ኮሚት» ማለት የተደረገውን ለውጥ ከአንድ አጭር መግለጫ ጋር በመዝገብ ማጽናት ነው። «ፑሽ» ማድረግ የራስን ወደ ጋራው መዝገብ መላክ ነው፤ «ፑል» ማድረግ የሌሎቹን አምጥቶ ከራስ ጋር ማዋሐድ ነው።

ማሽኑ ሲያዋሕድ የሚያመሳክረው ሦስት ወረቀት ነው። አንደኛው የእኔ እርማት ያለበት ነው፤ ሁለተኛው የባልንጀራዬ እርማት ያለበት ነው፤ ሦስተኛው ሁለታችን ከመለያየታችን በፊት የነበረው የጋራ መነሻ ነው። ሕጉም ቀላል ነው። አንድ ቦታ ከመነሻው የተለወጠው በእኔ ብቻ ከሆነ የእኔን ይወስዳል፤ በባልንጀራዬ ብቻ ከሆነ የእርሱን ይወስዳል፤ ሁለታችንም አንድ ዓይነት ለውጥ አድርገን ከሆነ ያንኑ ይቀበላል። ሁለታችንም በአንድ ቦታ ላይ የተለያየ ለውጥ አድርገን ከሆነ ግን ቆሞ «እናንተ ወስኑ» ይለናል። ግጭት የሚባለው ይህ ብቻ ነው።

ምሳሌ ልስጥ። ሁለቱን ጸሐፊዎች ሀ እና ለ እንበላቸው። መነሻው «ስብሰባው ቅዳሜ በ8 ሰዓት ይደረጋል» የሚል ነበር። ሀ «ስብሰባው እሑድ በ8 ሰዓት ይደረጋል» ብሎ አረመ። ለ ደግሞ «ስብሰባው ቅዳሜ በ9 ሰዓት ይደረጋል» ብላ አረመች። ማሽኑ ይቆማል፤ በፋይሉም ውስጥ ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች ከላይና ከታች አድርጎ ያስቀምጣል። ከላያቸው ሰባት የ«ያንሳል» ምልክት፣ በመካከላቸው ሰባት የ«እኩል ነው» ምልክት፣ ከበታቻቸው ሰባት የ«ይበልጣል» ምልክት ያደርጋል። ይህን ምልክት አይቶ የሚደነግጥ ተማሪ ብዙ ነው፤ ፋይሉ የተበላሸ ይመስለዋል። ምንም አልተበላሸም። ማሽኑ ሁለቱን ጽሑፎች አክብሮ፣ አንዱንም ሳይጥል፣ ፊት ለፊት አስቀመጣቸው እንጂ።

አሁን ነገሩን እንመርምር። ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች ብቻ የሚያይ ሰው ማን ምን እንደ ለወጠ አያውቅም። ጊት እንደ ተለመደው አቀማመጡ የሚያሳየው ሁለቱን ብቻ ስለ ሆነ፣ መነሻውንም ጨምሮ እንዲያሳይ «ዲፍ-3» የሚባለውን አቀራረብ መርጦ ማዘዝ ይበጃል። መነሻው ሲታይ ሀ ቀኑን፣ ለ ሰዓቱን እንደ ለወጡ ይገለጣል። ያን ጊዜ ብልኅ ነኝ የሚል ሰው «እንግዲያውስ እሑድ በ9 ሰዓት ይሁን፤ የሁለቱም እርማት ይጠበቃል» ይል ይሆናል።

ነገር ግን ለ ሰዓቱን ለምን ለወጠች? የቅዳሜው ትምህርት በ8 ሰዓት ስለሚያልቅ፣ አባላቱ ደርሰው እንዲቀመጡ አንድ ሰዓት ልትጨምር ብላ ነው እንበል። እሑድ ትምህርት የለም፤ ስለዚህ ሰዓቱን የምትለውጥበት ምክንያት አብሮ ቀርቷል። ትክክለኛው ውሳኔ «እሑድ በ8 ሰዓት» ነው ማለት ነው። ይህን ከሦስቱ ወረቀቶች በአንዱም ላይ ቢፈልጉት አያገኙትም። የሚገኘው ከለ አፍ ነው፤ ወይም ለ ኮሚት ስታደርግ «የቅዳሜ ትምህርት በ8 ሰዓት ስለሚያልቅ ሰዓቱ ተለወጠ» ብላ ጽፋ እንደ ሆነ ከመግለጫው ነው። ብዙዎቻችን ግን በመግለጫው ቦታ «ተስተካከለ» ብለን እናልፋለን። «ተስተካከለ» የሚል መግለጫ ለነገ ሰው ምንም አይነግረውም። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል የተባለው ለሹመት ብቻ አይደለም፤ ለእርማትም ይሠራል።

የሁለተኛው ሰው ሥልጣን

አንድ ሌላ ነገር ልብ እንድትሉልኝ እፈልጋለሁ። ሁለት ሰዎች ሥራቸውን ሲያስገቡ ቀድሞ የደረሰው ያለ ችግር ያልፋል። ኋላ የመጣውን የጋራው መዝገብ «ከአንተ በፊት የገባ አለ፤ መጀመሪያ እርሱን አምጥተህ አዋሕድ» ብሎ ይመልሰዋል። ስለዚህ ግጭቱን የመፍታት ሸክም የሚወድቀው በሁለተኛው ላይ ነው። ሸክም ብቻ ግን አይደለም፤ ሥልጣንም ነው። ያ ሰው ለጥቂት ደቂቃ በባልንጀራው ሥራ ላይ እርሳስ ይዞ ተቀምጧል። «የእኔን ውሰድ» የሚል ትእዛዝ ቢሰጥ የባልንጀራው እርማት ከገጹ ይጠፋል፤ ማሽኑም ያለ አንዳች ማጉረምረም ይታዘዘዋል።

በዚህ ረገድ አንድ ወጥመድ መኖሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ጊት ግጭት ሲፈታ «የእኛ» እና «የእነርሱ» የሚሉ ሁለት ምርጫዎችን ያቀርባል። በተለመደው ማዋሐድ «የእኛ» የሚለው አሁን ያለንበትን የራሳችንን ቅርንጫፍ ነው። «ሪቤዝ» በሚባለው መንገድ፣ ይኸውም የራስን ኮሚቶች በሌላው ሥራ ላይ አንድ በአንድ መልሶ በመትከል ጊዜ፣ ትርጉሙ ይገለበጣል፤ «የእኛ» ማለት የምንተክልበት የሌላው ሥራ ይሆናል፤ «የእነርሱ» ማለትም የገዛ ራሳችን ኮሚት ይሆናል። ይህን ሳያውቅ የሚመርጥ ሰው የራሱን ሥራ በገዛ እጁ ይጥላል።

ከዚህ የሚከፋው በግድ ፑሽ ማድረግ ነው። የጋራው መዝገብ «መጀመሪያ አዋሕድ» ሲል፣ አንዳንዱ ችኩል በግድ የሚያስገባውን ትእዛዝ ይሰጣል፤ በመካከሉ ሌሎች ያስገቡት ኮሚት ሁሉ ከቅርንጫፉ ይወጣል። እርግጥ ኮሚት የተደረገ ሥራ ወዲያው አይጠፋም። በሠራው ሰው ኮምፒዩተር ላይ «ሪፍሎግ» በሚባለው መዝገብ፣ እንደ ተለመደው አቀማመጥ፣ ከቅርንጫፍ የወጣ ኮሚት እንኳ 30 ቀን ያህል ተጠብቆ ይቆያልና ፈልጎ መመለስ ይቻላል። ኮሚት ያልተደረገ ሥራ ግን እንዲህ ያለ ዋስ የለውም። ስለዚህ ከማንኛውም ማዋሐድ በፊት የራስን ሥራ ኮሚት ማድረግ፣ በጋራ ቅርንጫፍ ላይም በግድ ፑሽ አለማድረግ የመጀመሪያው ደንብ ሊሆን ይገባል።

የማይታየው ግጭት

እስከ አሁን የተናገርሁት ማሽኑ ስለሚያሳየን ግጭት ነው። አሁን ማሽኑ ስለማያየው ልናገር። የአንድ ማኅበር መተዳደሪያ ደንብ ሲሻሻል እናስብ። በአንቀጽ 4 የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው አባላት 7 ናቸው ይላል። በአንቀጽ 12 ደግሞ ምልዓተ ጉባኤ የሚሆነው ከአባላቱ ከግማሽ በላይ ሲገኙ ነው ይላል። ሀ የአዲስ ተማሪዎች ወኪሎች እንዲጨመሩ በማሰብ አንቀጽ 4ን አርሞ 7 የነበረውን 9 አደረገው። ለ በበኩሏ «ከግማሽ በላይ» የሚለው ለክርክር በር ይከፍታል ብላ፣ ከ7 አባላት ከግማሽ በላይ 4 መሆኑን አስልታ፣ አንቀጽ 12ን «4 አባላት ሲገኙ» ብላ አረመች።

ሁለቱም ትክክል ሠርተዋል። የሁለቱም እርማት በየራሱ ቦታ ስለ ሆነ ማሽኑ ግጭት አያይም፤ በጸጥታ ያዋሕዳል። የወጣው ደንብ ግን ከ9 አባላት 4 ተገኝተው በማኅበሩ ስም እንዲወስኑ ይፈቅዳል። አናሳው በብዙኃኑ ላይ የሚወስንበትን ደንብ ማንም አላሰበውም፤ ማንም አልጻፈውም፤ ማንም ድምፅ አልሰጠበትም፤ ነገር ግን ወጥቷል። በፕሮግራም ሥራም እንዲሁ ነው። አንዱ የአንድን ፈንክሽን ስም በየቦታው ሲለውጥ፣ ሌላው በዚያው ጊዜ በአዲስ ፋይል ውስጥ በቀድሞው ስም ይጠራዋል። ማዋሐዱ ያለ ግጭት ያልፋል፤ ፕሮግራሙ ግን አይሠራም።

ስለዚህ «ግጭት የለም» የሚለው የማሽን ቃል «ስሕተት የለም» ማለት አይደለም። ከተዋሐደ በኋላ ፕሮግራም ከሆነ መሞከሪያዎቹን ሁሉ ማስኬድ፣ ጽሑፍ ከሆነ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ማንበብ የግድ ነው። የተለወጠውን ቦታ ብቻ ማየት አይበቃም፤ የአንቀጽ 4 ጉዳት የሚታየው አንቀጽ 12 ላይ ነውና።

በገዛ ፊደላችን

ይህ ሥርዐት በአማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች የተለየ ጥንቃቄ የሚጠይቅባቸው ነገሮች አሉ። ማሽኑ ቃል አያነብም፤ የሚያወዳድረው ለእያንዳንዱ ፊደል የተሰጠውን ቁጥር ነው። ስለዚህ ለእርሱ «ሥራ» እና «ስራ»፣ «ዓለም» እና «አለም»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ሁሉም የተለያዩ ቃላት ናቸው። ሁለት ሰዎች በአንድ ጽሑፍ ላይ ሲሠሩ አንዱ የፊደሉን አጻጻፍ በየመስመሩ እያቃና ቢሄድ፣ የሌላው የአሳብ እርማት በየቦታው ይጋጭበታል። በአራት ነጥብም እንዲሁ ነው። አንዳንዱ አራት ነጥብን በአንድ ፊደልነት ይጽፋል፤ ሌላው ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ መትቶ አራት ነጥብ ያስመስላል። ለዐይን አንድ ናቸው፤ ለማሽኑ ግን ሁለት ልዩ ነገሮች ናቸው። መፍትሔው የሚሠሩት ሰዎች ከመነሻው በአንድ አጻጻፍ መስማማታቸው ነው፤ የፊደል ማቃናት ሥራም የአሳብ እርማት በሌለበት ለብቻው ኮሚት ሆኖ፣ ሌሎቹ ሁሉ ሥራቸውን ካስገቡ በኋላ ቢደረግ ይሻላል።

ሁለተኛው የመስመር ጉዳይ ነው። ጊት ጽሑፍን የሚያወዳድረው በመስመር በመስመር ነው። እኛ ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድን ሙሉ አንቀጽ መስመር ሳንሰብር እንጽፋለን። ስክሪኑ አጥፎ ስለሚያሳየን አሥር መስመር ይመስለናል እንጂ ለማሽኑ አንድ መስመር ነው። አንዱ በአንቀጹ መጀመሪያ፣ ሌላው በአንቀጹ መጨረሻ አንዳንድ ቃል ቢለውጡ አንቀጹ በሙሉ እንደ ተጋጨ ይቈጠራል። ስለዚህ በላቴክ ወይም በማርክዳውን የሚጽፍ ሰው ከእያንዳንዱ አራት ነጥብ በኋላ አዲስ መስመር ቢጀምር ይጠቀማል። በእነዚህ አጻጻፎች ባዶ መስመር ካልተጨመረ አንቀጹ አይከፈልም፤ በታተመው ገጽ ላይ ልዩነት አይታይም፤ ግጭቱ ግን ወደ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጠባል።

ሦስተኛው የአቀማመጥ ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በ1999 በወጣው በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ስለ ገባ ዛሬ በየኮምፒዩተሩ አንድ ቁጥር አለው። ፋይሉ ግን በ«ዩቲኤፍ-8» ቢቀመጥ ይመረጣል። በ«ዩቲኤፍ-16» የተቀመጠውን ጊት ካልተነገረው በቀር ጽሑፍ ነው ብሎ አይቀበልም፤ እንደ ሥዕል ይቈጥረዋል። የወርድ ፋይልም ታሽጎ የተጨመቀ ጥቅል ስለ ሆነ ማሽኑ ውስጡን በመስመር አያወዳድረውም፤ ግጭት ሲደርስ አንዱን ሙሉ ፋይል ከመምረጥ በቀር መንገድ አይሰጠንም። ለእንዲህ ያሉ ፋይሎች፣ ለሥዕልና ለኤክሴል ሠንጠረዥም ጭምር፣ የጥንቱ ቁልፍ ዛሬም አልተሻረም። ተራ ገብቶ መሥራት፣ «እስከ ማክሰኞ እኔ ይዤዋለሁ» ብሎ ማስታወቅ ለእነዚህ የተሻለው መንገድ ነው።

ምን እናድርግ?

እስከ አሁን ከተባለው ለሥራ የሚሆኑትን ነጥቦች ልሰብስብ።

1ኛ. በትንሽ በትንሹ እንሥራ፤ ቶሎ ቶሎ እናስገባ። ለሦስት ሳምንት ለብቻው የቆየ ቅርንጫፍ ሲመለስ ብዙ ግጭት ይዞ ይመጣል፤ ማታ ማታ የሚገናኝ ሥራ ግን ግጭቱ ከአንድ ከሁለት መስመር አያልፍም።

2ኛ. ግጭት ሲመጣ አንቸኩል። የተጀመረውን ማዋሐድ አቋርጦ ወደ ቀድሞው ሁኔታ መመለስ ይቻላል፤ የሚያጣድፍ ነገር የለም።

3ኛ. መነሻውን እንይ፤ የኮሚቱን መግለጫ እናንብብ፤ ምክንያቱ ካልተጻፈ ሰውየውን እንጠይቅ። አንድ የስልክ ጥሪ የሁለት ቀን ቅያሜ ያድናል።

4ኛ. ውሳኔውን በእጃችን እንጻፍ፤ የግጭቱን ምልክቶች በሙሉ እናጥፋ፤ ሙሉውን እናንብብ ወይም እንሞክር። ከዚያም ምን እንደ ወሰንንና ለምን እንደ ወሰንን በመግለጫው እናስፍር።

5ኛ. የባልንጀራችንን እርማት የጣልን እንደ ሆነ እንንገረው። ይህ ከሁሉ ይበልጣል። ሰው አሳቡ ተሰምቶ ሳይመረጥ ቢቀር ይታገሣል፤ ሳይነገረው ተሰርዞ ሲያገኘው ግን ሁለተኛ ከዚያ ሰው ጋር ለመሥራት አይፈቅድም።

ለክቡራን መምህራንም አንድ አሳብ በትሕትና አቀርባለሁ። የጋራ ጥናት በሚታረምበት ጊዜ ማን ሠራ፣ ማን ተቀመጠ የሚለው ጥያቄ ዘወትር ያስቸግራል። የጊት መዝገብ ማን፣ መቼ፣ ምን እንዳስገባ ስለሚያሳይ ለዚህ ይረዳል። ነገር ግን መስመር በመቍጠር ብቻ አይፈረድ፤ ብዙ መስመር የጻፈ ሁሉ ብዙ አልሠራም፤ በስሙ ያስገባ ሁሉም ብቻውን አልጻፈውም። ይልቅ «እዚህ ላይ ሁለታችሁ ሳትስማሙ ቀርታችሁ ነበር፤ እንዴት ተስማማችሁ?» ተብለን ብንጠየቅ፣ ጥናቱን ያወቀውና ያላወቀው ተማሪ ወዲያው ይለያል።

ወዳጆቼ፤ በአገራችን የመጻሕፍት ትርጓሜ ሊቃውንት አንድን ቃል ሲፈቱ አንድ ትርጓሜ ሰጥተው «አንድም» ብለው ሌላውን ይጨምራሉ፤ ከዚያም «አንድም» ብለው ሦስተኛውን ያመጣሉ። የሚለያየውን ትርጓሜ ሳይጥሉ ጎን ለጎን ጠብቀው ለተማሪው ያስተላልፉታል። የምንጽፈው ደንብና የምንሠራው ፕሮግራም ይህን ዕድል አያገኝም፤ ስብሰባው ወይ ቅዳሜ ነው፣ ወይ እሑድ ነው፤ አንዱን መምረጥ ግድ ነው። መዝገቡ ግን ያልተመረጠውንም ይጠብቃል። ምክንያቱ አብሮ ከተጻፈ ደግሞ ከሁለት ዓመት በኋላ ይህን ማኅበር የሚረከቡ ተማሪዎች እኛ ምን እንደ ወሰንን ብቻ ሳይሆን ምን ትተን እንደ ወሰንን፣ ስለ ምንም እንደ ተውነው ለማወቅ ይችላሉ። ተሳስተን ከሆነም ከየት ጀምረው እንደሚያርሙን ያውቃሉ።

እንግዲህ ከፊታችን የማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ማሻሻያ አለ። ብዙ እጅ እንደሚገባበት የታወቀ ነው፤ ግጭትም አይጠፋበትም። ግጭቱ ሲመጣ «የማን ይለፍ?» ከማለት በፊት «ለምን እንዲህ አረምኸው? ለምን እንዲህ አረምሽው?» ብለን እንድንጠይቅ አደራ እላለሁ።